የኦብሴ ቦታ

በአንድ ወቅት፣ ሥራም ትምህርትም ያጡ ወጣቶች ከየአገሩ ተጠርተው አብረው የሚኖሩበት የአገልግሎት ካምፕ ነበረ። ካምፑ ያበላቸዋል፣ ያለብሳቸዋል፣ መኝታ ይሰጣቸዋል። እነሱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ለአካባቢው ሰው መንገድ ይጠግናሉ፣ ትምህርት ቤት ያድሳሉ፣ የውሃ መስመር ይዘረጋሉ። ከሰዓት በኋላ ክፍል ገብተው ሙያ ይማራሉ። የአገልግሎቱ ጊዜ ሲያልቅ ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ ተመርጦ ከተማ ወዳለው ትልቅ የሙያ ኮሌጅ ይላካል። እዚያ ትምህርቱም፣ ማደሪያውም፣ ምግቡም በነጻ ነው። የቀሩት ወደመጡበት ይመለሳሉ። መመለሻ የሌለውም አለ።

በዚያ ዓመት የተመረጠችው ኦብሴ ነበረች። የአርሲ ልጅ ናት፣ የኤሌክትሪክ ሥራ ነበር የምትማረው። የተቃጠለ ሞተር ፈትታ ስትጠግን መምህሩ ራሱ ቆሞ ያያት ነበር። ማንም አልቀናባትም ማለት ውሸት ይሆናል፤ አይገባትም ያለ ግን አልነበረም።

ኦብሴ ሦስት ጓደኞች ነበሯት። ሎምባሞ ከከምባታ የመጣ፣ አናጢነት የሚማር፣ እጁ ፈጣን ንግግሩ ዝግ ያለ ልጅ ነው። ትርሐስ የሽሬ ልጅ ናት፣ ጦርነት ትምህርቷን አቋርጧት እዚህ የጤና ረዳትነት ጀምራለች። ማንያዘዋል ደግሞ ቧንቧ ሥራ ይማራል። አባቱ ከቤት ካባረረው በኋላ ካምፑ እስኪቀበለው ድረስ መናኸሪያ ውስጥ ነበር የሚያድረው። አራቱ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይሠራሉ፣ ይሳሳቃሉ።

አንድ ዓርብ ወደ ጤና ጣቢያው የሚሄደውን የውሃ ቱቦ ለመቅበር ቦይ እየቆፈሩ ነበር። ቦዩ ከሰው ቁመት በላይ ጠልቋል፤ ዋዜማውን ደግሞ ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር።

የቦዩን ግድግዳ ደግፈው የያዙት ሳንቃዎች ቱቦው ሳይቀበር እንዳይነሱ ተብሏል። ሎምባሞ ግን ሥራው በዚያው ቀን አልቆ ቅዳሜን እንዲያርፉ ፈለገ። ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሳንቃ ሲያጥረው መሀል ላይ ካሉት ጥቂቱን ነቅሎ ወሰደ። «ለትንሽ ጊዜ ነው፣ እመልሰዋለሁ» አለ ለራሱ።

ሰው ከመግባቱ በፊት ቦዩን ከዳር እስከ ዳር ሄዶ የተሰነጠቀ አፈር መኖሩን ማየት በዚያ ሳምንት የትርሐስ ተራ ነበር። ለፈተና ስታነብ ከርማ ደክሟታል፤ መሬቱም ጭቃ ነው። ከአፋፉ ቆማ አየት አደረገችና «ደህና ነው፣ ግቡ» አለች።

ቦዩ ውስጥ መግባት የነበረበት ማንያዘዋል ነው። እሱ ግን ከከተማው ልጆች ጋር የኳስ ግጥሚያ ነበረው።

«ኦብሴዬ፣ ዛሬን ተኪኝ። በአንቺ ተራ እኔ እገባልሻለሁ» አላት።

«ጎል ሳታገባ እንዳትመለስ» አለችው እየሳቀች፣ አካፋውንም ተቀበለችው።

ረፋዱ ላይ ሳንቃው የተነሳበት የቦዩ ግድግዳ ተንዶ ኦብሴን ዋጣት።

ሎምባሞ ዘሎ ገባ። «ውጣ! ያኛውም ሊወርድ ነው!» እያሉ ከላይ ጮኹበት። ዶማ ቢሰነዝሩ እሷኑ እንዳያገኛት ፈርቶ በጥፍሩ ይምስ ጀመር። ሌላው ግድግዳ ወርዶ እስከ ወገቡ ቀበረው፤ እጁ ግን አላቆመም። ፊቷን ሲያገኝ የጣቶቹ ጫፍ ደም በደም ሆኖ ነበር።

ሁለቱንም አውጥተው ኦብሴን ሲያጋድሟት አትተነፍስም። ሴቶቹ ዋይታ ጀመሩ። «ዝም በሉ!» አለች ትርሐስ። በጣቷ ከአፏ ጭቃውን ጠርጋ አወጣች፣ አፏን በአፏ ላይ ገጥማ ትተነፍስላት ጀመረች። «ተያት እህቴ፣ አልቃለች» ሲሏት አልሰማችም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ኦብሴ ሳል አደረጋትና ተነፈሰች።

ማንያዘዋል ጩኸቱን ከሜዳው ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ። የኦብሴ ቀኝ እጅ ተጨፍልቆ ደሙ አልቆም ብሏል። የካምፑ መኪና ተበላሽቶ ቆሟል። ማንያዘዋል ተሸክሟት አስፋልት ድረስ ወጣ፤ የሚያልፉት መኪኖች ደም ሲያዩ ይበልጥ ፈጠኑ። ጓደኞቹ ክንድ ላይ አሳረፋትና እጁን ዘርግቶ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። አንድ አይሱዙ ጎማው እየጮኸ ጉልበቱ ሥር ቆመ።

«አብደሃል እንዴ?» አለ ሹፌሩ።

«እሷን ጫናትና ከዚያ ስደበኝ» አለው። ሆስፒታል ሲደርሱም ደሙን ሰጣት።

የሆነውን የሰማው ሐኪም ወጥቶ ሦስቱን «ከእናንተ አንዱ ቢጎድል ዛሬ ሬሳ ነበር የምትወስዱት» አላቸው። ቀኝ እጇን ግን ማትረፍ አልቻለም፤ ከአንጓው ላይ ተቆረጠ።

ካምፑ ሦስቱን በትከሻ ተሸክሞ ተቀበላቸው። እራት ላይ ሁሉም ተነስቶ አጨበጨበላቸው። ሎምባሞ ሳህኑን ገፋ አደረገው። ትርሐስ አመመኝ ብላ ወጣች። ማንያዘዋል አቀርቅሮ ቀረ። ሰው ሁሉ ጥፋቱን በዝናቡ ላይ ጥሏል፤ ዝናብ ደግሞ አይናገርም።

ካምፑ የኦብሴን ጉዳት ለኮሌጁ አሳውቆ ነበርና ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ። የኦብሴ ሙያ ሁለት እጅ ይጠይቃል፤ ካምፑ በእሷ ፈንታ ሌላ ሰው ካልላከ ቦታው ለሌላ ካምፕ ይሰጣል። የካምፑ ኃላፊ ወይዘሮ ዙሪያሽ ይህን ሲሰሙ፣ «ቦታው የእሷ ነው። ማን እንደሚሄድበት እሷ ትናገር» አሉ። ከሦስቱ ለአንዱ እንደምትሰጥ ያልጠረጠረ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ሎምባሞ ማንም ሳይጠራው ወይዘሮ ዙሪያሽ ቢሮ ገባ። «እትዬ፣ ሳንቃውን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ሎምባሞ ከካምፑ ሊባረር ነው የሚለው ወሬ ትርሐስ ጋ ሲደርስ ሮጣ መጣች። «ብቻውን አይደለም» አለች ቁና ቁና እየተነፈሰች። «አይቻለሁ ያልኩት ሳላይ ነው። አይቼ ቢሆን ሳንቃው መነሳቱን አውቅ ነበር።»

ማንያዘዋል ተከትሏት ገብቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አንተ ደግሞ ምን አጠፋህ?» አሉት ወይዘሮ ዙሪያሽ። «መተካካት የተፈቀደ ነው።»

«የእኔን ሞት ነው ለእሷ የሰጠሁት፣ እትዬ። እሷም ታውቃለች፤ ገና ስትነቃ ነግሬያታለሁ።» በእርግጥም በየቀኑ ሆስፒታል እየሄደ የሚያጎርሳት እሱ ነበር።

ወይዘሮ ዙሪያሽ ከወንበራቸው ተነሱ። «ልቀጣችሁ እችላለሁ» አሉ። «ይቅር ልላችሁ ግን አልችልም፤ እጁ የእኔ አይደለም። ሂዱና ለእሷ ንገሯት።»

ኦብሴን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኟት። ሎምባሞ ነገራት፣ ትርሐስ ነገረቻት። ሳታቋርጣቸው ሰማች። ሲጨርሱ በፋሻ የተጠቀለለውን ክንዷን ደረቷ ላይ አስጠግታ አለቀሰች። ያን ያህል ስታለቅስ አይተዋት አያውቁም፤ ሊያባብላት የደፈረም የለም።

«ጀግኖቼ ሆናችሁ ብትቀሩ ይሻለኝ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ለማናችንም አትስጪው» አለ ሎምባሞ። «ለሌላ ካምፕ ይሂድ።»

«እንዲህ እንዳትለኝ!» ድምጿ ተቆጣ። «እኔ ያን ቦታ ለማግኘት ስንት ደክሜበታለሁ። እናንተ ስላፈራችሁ ብቻ ለማላውቀው ሰው ልጥለው? ከእናንተ አንዱ ይሄዳል። ግን ከመወሰኔ በፊት እውነቱን ንገሩኝ። ብትሄዱ ምን ትሆናላችሁ?»

ሎምባሞ መሬት መሬቱን እያየ መለሰ። «ብሄድም ብቀርም አንቺን ሳላስብ አልውልም። ፈጥኜ ጥፋቴን የተናገርኩት ቦታውን ብዬ እንዳይመስልሽ፤ እሱን ብቻ ነው የምፈራው።»

«እኔ ብማር ለተጎዳ ሰው የምጠቅም እሆናለሁ፤ ለአንቺም ጭምር» አለች ትርሐስ። ቀጥላም፦ «ግን ልዋሽሽ አልችልም። ሎምባሞ ባይቀድመኝ እናገር እንደነበር አላውቅም።»

ማንያዘዋል ቀጠለ። «አገልግሎቱ ሲያልቅ የማድርበት የለኝም» አላት። «ቦታውን እፈልገዋለሁ፣ ኦብሴ። በአንቺ እጅ የተገኘ መሆኑን እያወቅሁ እፈልገዋለሁ። እንደዚህ ያሳፈረኝ ነገር የለም።»

ወይዘሮ ዙሪያሽ ውሳኔዋን ሊሰሙ በግቢው በር ሲገቡ ታዩ። ኦብሴ ዕንባዋን በግራ እጇ ጠርጋ ቀና አለች። ሦስቱም ዓይኗን ማየት አልቻሉም።

እንግዲህ ያለ ሦስቱ ጥፋት ኦብሴ እጇን አታጣም ነበር፤ ያለ ሦስቱ ሩጫም ዛሬ ፀሐይ አትሞቅም ነበር። አንዱ ደንብ ጥሶ ማንም ሳይጠይቀው ተናዘዘ። አንዷ ዘግይታ ተናዘዘች፣ መዘግየቷንም አልደበቀችም። አንዱ ምንም ደንብ አልጣሰም፣ ኦብሴ የገባችው ግን በእሱ ተራ ነው። እናንተ የኦብሴን ወንበር ይዛችሁ ብትቀመጡ፣ ወይዘሮ ዙሪያሽም ፊታችሁ ቆመው ቢጠብቁ፣ የማንን ስም ትጠሩ ነበር? ቦታው የሚገባው ለማን ነው?