የያዝልኝ ቁልል

ከገደብጌ ወደ ወለሌ ወንዝ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ላይ አንድ ትልቅ የድንጋይ ቁልል ያገኛል። ከሩቅ ሲያዩት የፈረሰ ግንብ ይመስላል፤ ግንብ ግን አይደለም። ስሙ ያዝልኝ ነው። የአገሩ ሰው ተበድሎ ዳኛ ሲያጣ አንድ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣና እዚያ ላይ አስቀምጦ «ያዝልኝ» ብሎ ይሄዳል። ማን ነው የሚይዘው ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ መልሱ አጭር ነው፤ እግዚአብሔር ነው። አጀማመሩ ግን ረዘም ይላል፤ ከሥሩ ካልተነገረም አይገባም።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን ከወንዙ ዳር በታችኛው ማሳ ላይ እመት የሻረግ የምትባል ሴት ከባሏ ጋር ትኖር ነበር። የላይኛው መሬት ባለቤት ባላምባራስ ደርሶ የሚባል ሹም ነበር። ሁለቱም ማሳዎች የሚጠጡት ከአንድ ቦይ ሲሆን፣ ባላምባራስ ውኃውን ለብቻው ሊያስቀር ከእርሻው በላይ በአፈርና በግንድ ከተረው። የየሻረግ ባል ክትሩን ሊከፍት ቢሄድ በባላምባራስ አሽከሮች ተደብድቦ በቃሬዛ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ባላምባራስም ሴትዮዋ መሬቱን ጥላለት እንድትሄድ ብሎ ክትሩን የባሰ ከፍ አደረገው ይባላል።

የሻረግ አልሄደችም። ደም የሚመልስላት ወንድም የላት፣ ያሏት ሁለት ሴቶች ልጆች ገና ሕፃናት ናቸው። አንድ ጠዋት የባሏን ጦር አንሥታ ሽቅብ ስትወጣ የንስሐ አባቷ መምሬ እንግዳሸት መንገድ ላይ አገኟት።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ገበያ ነው አባ።»

«በጦር ምን ልትሸምቺ?»

«የባላምባራስን ጉበት።»

መምሬ አልተቆጧትም። ጦሩን ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱና «ፍርዱን ለእግዚአብሔር ስጪው። ቸርነቱ አያልቅበትም፤ አይረሳሽም» አሏት።

«እንዴት ነው የምሰጠው አባ? እጄ ባዶ ከሆነ ይበላኛል።»

መምሬ ዙሪያቸውን አዩ። የደረቀው ማሳ ድንጋይ ብቻ ነበር። «እንግዲያው ንዴቱ ሲመጣብሽ ከማሳሽ አንድ ድንጋይ አንሺና ዳር አስቀምጪ። ያዝልኝ በይው፤ ይይዝልሻል።»

የሻረግ ታዘዘች፤ ግን በራሷ መንገድ ነው የታዘዘችው። መምሬ ዳር ሲሏት ዳሩን የመረጠችው እሷ ናት። ባላምባራስ ከደጁ ሆኖ በየቀኑ እንዲያየው ብላ፣ ከማሳዋ ራስጌ ከወንዙ መታጠፊያ ላይ ትቆልለው ጀመር። ንዴቱም የማይመጣበት ቀን አልነበረምና ቁልሉ ቶሎ አደገ። ላሟ ሞተች፤ የሰው ጥጥ እየፈተለች፣ ጎመን እየቀቀለች ልጆቿን አሳደገች። አንዳንድ ጠዋት ጸሎቷ ከሙግት አይለይም ነበር ይላሉ። «ትናንትን ያሻገርከኝ አንተ ነህ፤ ነገም ትጥለኛለህ ብዬ አላምንም» ትለዋለች። ድንጋዩን ታስቀምጥና ደግሞ፣ «እሱን ግን ጣልልኝ።»

ባላምባራስ በበቅሎ ሲያልፍ ይስቅባታል። «አንቺ ሴት! እግዚአብሔርን ድንጋይ ተሸካሚ አደረግሽው እኮ! ወገቡን አላመመውም?»

«ለእርስዎ የሚበቃ ጉልበት አለው፣ ጌታዬ።»

ከዚያ የሐምሌ ሥላሴ ዕለት መጣ። ሰማዩ ከማለዳ ጀምሮ ሲወርድ ውሎ፣ ከቀትር በኋላ ባላምባራስ እያሳደገ የኖረው ክትር ተደረመሰ። ልብ በሉ፣ ውኃው የመጣው ከራሱ ክትር ነው፤ የወሰደውም መጀመሪያ የራሱን ነው። ጎተራውን፣ በቅሎውን፣ የሰባውን ጥቁር አፈር ሁሉ ጠራርጎ ቁልቁል ነዳው። የሻረግ ልጆቿን ይዛ፣ የዚያን ቀኑን ድንጋይ እንደያዘች፣ ቁልሉ አናት ላይ ወጣች። ጎርፉ ቁልሉ ጋ ሲደርስ ለሁለት ተከፈለ። ጉልበቱም ስለተሰበረ ቤቷን በግራና በቀኝ አለፈው፤ የባላምባራስንም አፈር ድንጋዩ በተለቀመለት ማሳዋ ላይ እያስተኛ ሄደ።

ባላምባራስ ራሱ በውኃው መጣ። ቁልሉን በጥፍሩ ቆንጥጦ ይዞ ቀና ሲል እሷን አያት።

«እመት የሻረግ! እጅሽን! ስለ ሥላሴ!»

እመት ብሎ ሲጠራት ያን ዕለት የመጀመሪያው ነው። ድንጋዩን ከራሷ በላይ አነሣችው። ሽማግሌዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ እነሱም እጃቸውን ያነሣሉ።

«ጌታዬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ያዝልኝ ያልኩህ ለእሱ መቆሚያ እንዲሆነው ነው?» ብላ ወደ ሰማይ ጮኸች። ዞር ስትል ቤቷን አየች፤ ቆሟል። ልጆቿን አየች፤ ቀሚሷን ጨብጠዋል። ከእግሯ ሥር ያለው ድንጋይ ንቅንቅ አላለም።

«ለካ እኔን ነው ይዘኸኝ የኖርከው» አለች፤ ስትለውም ፊቷ አልፈካም ይባላል። ድንጋዩን አስቀምጣ መቀነቷን ፈታችና ጫፉን ወረወረችለት።

ሲወጣ እግሯ ላይ ወደቀ። «የፈለግሽውን ፍረጂብኝ።»

«ፍርዱን እሱ ጨርሶታል። እኔ የምፈልገው ላብህን ነው። በየዓመቱ በዚህ ቀን ከወንዙ ድንጋይ ታወጣለህ፤ በአሽከር ሳይሆን በራስህ ትከሻ፣ በባዶ እግርህ። እኔ ተቀምጬ አይሃለሁ። ስትሞት ልጆችህ ይተካሉ።»

መምሬ እንግዳሸት ይህን ሲሰሙ «ልጄ፣ ይህ ቂም ነው» ቢሏት፣ «አባ፣ ጦሩን አስጣሉኝ። ይህንንም ካስጣሉኝ ምን ቀረኝ?» አለቻቸው።

ካህናቱ በኋላ ይቅር ብላው ሞተች ይላሉ። የእሷ ዘሮች ግን እንዲያ ሲሉ ተሰምተው አያውቁም። ዛሬም በሐምሌ ሥላሴ የባላምባራስ ወገኖች ሱሪያቸውን ሰብስበው በባዶ እግራቸው ድንጋይ ያወጣሉ፤ የየሻረግ ወገኖች ጥቁሩ አፈር ላይ ተቀምጠው ጠላቸውን ይጠጣሉ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋችው ሴት ትነሣና የመጣውን ድንጋይ በእጇ ትመዝናለች።

«ይህቺ ቀላል ናት» ትለዋለች ላቡ ለሚንጠባጠበው ሰው። «እሱ የያዘልን ከዚህ ይከብዳል።»

ሰውየውም የከበደ ሊያመጣ ድንጋዩን አንሥቶ ወደ ወንዙ ይመለሳል።