የሙሴ ፓናዮት ማማተብ

በከተማችን አንድ ሰው ላይ ላዩን ብቻ አይቶ ወዳጅንና ጠላትን ለመለየት ሲቸኩል፣ ሽማግሌዎች ፈገግ ብለው የሚናገሯት ቃል አለች። ይህች ቃል ያለ ምክንያት አልተነገረችም።

ጣልያን ድንበር ተሻግሮ በመጣበት ዘመን አባቶች ዘምተው በከተማው የቀሩት አረጋውያን፣ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። አባቷ የዘመተባት አጸደ የምትባል ልጅ፣ እናቷ ያስፈጨችውን ዱቄት ወደ ሙሴ ፓናዮት ምድጃ ታደርስ ነበር። ይህ ግሪካዊ ለዘማቾች የሚላከውን የስንቅ ዳቦ ይጋግር ነበርና። እርሷንም ትኩስ ሙልሙል ሳያስይዝ አይሸኛትም ነበር።

በዚያ ወራት የልጆች ጨዋታ ሰላይ ፍለጋ ነበር። አንድ ቀን አጸደ ለጓደኞቿ፣ «ሙሴ ዳቦውን ምድጃ ውስጥ ሲከት ያማትባል፤ ግን የሚጀምረው ከቀኝ ትከሻው ነው» አለቻቸው። ወሬው ከልጆች ወደ እናቶች፣ ከእናቶችም ወደ ጭቃ ሹሙ ወደ ባሻ ድልነሳ ደረሰ። እኛ ከግራ ወደ ቀኝ የምናማትበው ከጨለማ ወደ ብርሃን መመለሳችንን ለመመስከር ነውና ባሻ ደነገጡ። «መስቀል የሚገለብጥ የጣልያን ሰላይ ነው» ብለው አሳሰሩት፤ ከከተማም እንዲባረር ፈረዱ።

አጸደ የሙሴን የታሰሩ እጆች ስታይ እያለቀሰች ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ወደ ተመለሱት ወደ አባ ዘድንግል ሮጠች።

«አባ፣ ሙሴን በእኔ ወሬ ሊያባርሩት ነው። ሲያማትብ ከቀኝ ይጀምራል ብዬ አውርቼ።»

«ዋሽተሽ ነው?»

«አልዋሸሁም።»

«እንግዲያስ ምን ያስለቅስሻል? መቋሚያዬን አቀብዪኝ።»

አባ አደባባይ ደርሰው፣ «ባሻ፣ ይህ ሰው ምን በደለ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ማማተቡ የእኛ አይደለም፣ አባታችን።»

«አባቶቹ እንዲያ አስተምረውታል። ኢየሩሳሌም ሳለሁ ግሪኮች ሁሉ ከቀኝ ሲጀምሩ አይቻለሁ።»

«ጣልያንስ?»

«ጣልያንማ ልክ እንደ እርስዎ ከግራ ነው የሚጀምረው።»

አንዲት ባልቴት ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ባሻ ገመዱን በገዛ እጃቸው ፈቱ። ሙሴ ፓናዮት ክንዱን እያሻሸ፣ «ባሻ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ሊፈስ ነው፤ ልሂድ?» አለ። አጸደም ተከትላው ሄደች።

ባሻ ግን፣ «ቢሆንም አባታችን፣ በጦርነት ጊዜ ሰው ወገኑን በምን ይለያል?» ብለው ጠየቁ።

አባ ዘድንግልም መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «በምግባሩ ነዋ፣ ልጄ፤ በማማተብማ ቢሆን፣ ጣልያንም ወገን በሆነ» አሏቸው።