ሽታው የባለቤቷ ነው

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት መበላላትን በሕግ ከልክለው መኪና መንዳት በጀመሩበት አገር፣ ዕድሜዋን በሙሉ እህልና እንጨት ስትሸከም የኖረች አህያ ነበረች። ጎረቤቶቿ እመት አህያ ይሏታል። ጡረታ በወጣች ማግስት ለዓመታት ያጠራቀመችውን ይዛ ሄደችና አንዲት ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት ስፖርት መኪና ገዛች።

«ምነው ፒክአፕ ብትገዢ? ዕቃ ትጭኚበት ነበር» አሏት ዘመዶቿ።

«መጫኛ የሌላትን እኮ ነው ፈልጌ የገዛሁት!» አለች እመት አህያ። «ጭነት የሚባል ነገር በዓይኔም ማየት አልፈልግም።»

ደስታዋ ግን ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። መኪናዋ ቤንዚን ቤንዚን መሽተት ጀመረች። መጀመሪያ ስታቆማት ብቻ ነበር፤ ቆይቶ ስትነዳትም ዓይኗን ያቃጥላት፣ ራሷን ያዞራት ጀመር። እመት አህያ እሳት ትፈራለች። ስለዚህ ውላ ሳታድር መኪናዋን ወደ ሸጠላት ድርጅት ነዳች።

ድርጅቱ የአያ አንበሳ ነው። አያ አንበሳ ፎቁ ላይ ተቀምጦ ጎፈሩን ያበጥራል። ታች ደንበኛ የሚቀበለው ከረባት ያሰረ ቀበሮ ነው። ከኋላ ባለው ጋራዥ ደግሞ አያ ጅቦ መካኒክ ሆኖ ይሠራል፤ የተቀጠረው ሞተር በጥርሱ ማንሳት ስለቻለ ነው እንጂ ስለ መኪና አንዳች የሚያውቀው ነገር ኖሮ አይደለም።

«እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ፣ ምን እንታዘዝ?» አለ ቀበሮ።

«ቤንዚን ይሸተኛል ጌታዬ። የሚያፈስ ቦታ ያለ ይመስለኛል። አንድ ቀን እሳት እንዳይነሳብኝ ፈራሁ።»

«ይሸተኛል ማለትና ያፈሳል ማለት ይለያያሉ» አለ ቀበሮ ፈገግ ብሎ። «ለማንኛውም ባለሙያችን ያየዋል። ዋስትና ስላለዎት ምንም አይከፍሉም።»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በዋስትና የሚጠገን መኪና ለድርጅቱ አንዳች አያስገባም። አያ አንበሳም «የነጻ ሥራ ሲበዛ አልወድም» ብሎ ለቀበሮ ነግሮታል። ቀበሮ ደግሞ ጌታው የማይወደውን ነገር ዓይኑ አያይም።

እመት አህያ ቢሮ ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ አያ ጅቦ ጋራዡ ውስጥ የመኪናዋን በር ከፍቶ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ። እመት አህያ ሁለት ወር ሙሉ የተቀመጠችበትን ወንበር አሸተተ። የጅብ አፍንጫ ደግሞ የአህያ ጠረን አንዴ ካገኘ፣ አጠገቡ አንድ በርሜል ቤንዚን ቢደፋ እንኳ ሌላ ነገር አይሸተውም። ዓይኑን ጨፍኖ እዚያው ቆየ። ወንበሩን ላሰው፤ መሪውንም ላሰው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለሃጩን እየጠረገ ወጣ።

«ሽታ አለ! ኃይለኛ ሽታ ነው!» አለ።

«የምን ሽታ?» አለ ቀበሮ ብዕሩን አንስቶ።

«የአህያ!»

ቀበሮ ጎንበስ ብሎ ወደ መኪናዋ ሥር አየ። ወለሉ ርሷል። ጠብ... ጠብ... ይላል። ቀና ብሎ ግራ ቀኙን ቃኘ፣ አንድ ባልዲ አሸዋ አስመጥቶ እርጥቡ ላይ አስደፋ፣ ከዚያም ተረጋግቶ ጻፈ፦ «መኪናዋ ተመርምራለች። ሽታው የባለቤቷ ነው። ሌላ ችግር የለባትም።» ፈረመበት፤ ማኅተምም መታበት።

እስቲ ይታያችሁ! ዓይኑ ያየውን በአሸዋ ሸፍኖ፣ ለከፈለችው ደንበኛ «የምትሸቺው አንቺ ነሽ» ብሎ ማኅተም ይመታል! እኔ ይህን ስናገር እንኳ ደሜ ይፈላል።

እሷስ? ዕድሜዋን በሙሉ «እሺ» ስትል የኖረች አይደለች? ወረቀቱን አነበበች፤ በኀፍረት ጆሮዋን ጣለች። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አደከምኳችሁ» ብላ ወጣች። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት! ከዚያም ወንዝ ወርዳ በሳሙና ታጠበች። በማግስቱ ደግማ ታጠበች። በሦስተኛው ቀን ቆዳዋ እስኪላጥ ድረስ በድንጋይ ፈተገችው። መኪናዋ ግን እንደሸተተች ነው።

አንድ ጠዋት ጎረቤቷ እመት ፍየል የተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ ይዛ በደጇ ስታልፍ ድንገት ቆመች።

«አንቺ፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«እኔ ነኝ» አለች እመት አህያ አንገቷን ደፍታ። «በወረቀት ተጽፎ ተሰጥቶኛል።»

እመት ፍየል ምድጃዋን ወደ ኋላ፣ ሩቅ ወስዳ አስቀመጠችና ሮጣ ተመለሰች። መኪናዋ ሥር በጉልበቷ ተንበረከከች። ሣሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል፤ አፈሩ ጠቁሯል።

«ኑ እዩልኝ እናንተ! ይህ ላብሽ ነው? ቤንዚን እኮ ነው! ሁለት እርምጃ ብጠጋ ኖሮ ዛሬ አንቺም እኔም ከሰል ሆነን ነበር!»

እመት አህያ ምድጃውን አየች። ጠቁሮ የረጠበውን አፈር አየች። የተላጠ ቆዳዋን አየች። ከዚያ በሕይወቷ ሙሉ ያላወቀችው ቁጣ ያዛት።

«እህል ጫኑብኝ፣ ዝም አልኩ። ድንጋይ ጫኑብኝ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ የገዛ ጥፋታቸውን ይጫኑብኝ?»

ሞተሩን ማስነሳት አልደፈረችም። ገመድ አመጣች፣ አንዱን ጫፍ መኪናዋ ላይ፣ ሌላውን አንገቷ ላይ አሰረች፣ ያቺን ሸክም እንዳታይ ብላ የገዛቻትን መኪና በከተማው መሐል እየጎተተች ድርጅቱ ግቢ ውስጥ አስገብታ ፎቁ ሥር አቆመቻት። ያያት ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ዞር ብላም አላየችም።

በዚያን ሰዓት ግቢው በደንበኛ ተሞልቷል። ከርከሮ ሻይ ይጠጣል፤ ዝንጀሮና አጋዘን ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሁሉም የመኪና ቁልፋቸውን ግቢው ውስጥ ባለው የቀበሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋል። ቀበሮ ከሩቅ ሲያያት ከረባቱን አስተካከለ።

«እመቤቴ፣ መልሰው መጡ? ባለፈው እኮ አየንልዎ። በኮምፒውተርም መርምረናታል፣ ምንም አላለም።»

«ኮምፒውተርህ አፍንጫ አለው?»

«ኧረ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ። ቢሮ ገብተን ውሃ እየጠጡ እንነጋገር።»

«ውሃ አልጠማኝም! የምንነጋገረው እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ችግር የለባትም ብለህ ፈርመሃል?»

ደንበኞቹ ሁሉ ዞረው ያዩት ነበር። ቀበሮ ምን ያድርግ? «ፈርሜያለሁ። የለባትም» አለ።

«አያ ጅቦ፣ አንተስ?»

«ቀበሮ የለባትም ካለ የለባትም» አለ ጠረኗ ከጋራዡ ስቦ ያወጣው አያ ጅቦ፣ እሷን እሷን እያየ ምራቁን እየዋጠ።

«ጥሩ።» እመት አህያ ከቦርሳዋ የክብሪት ሳጥን አውጥታ ሰጠችው። «እንግዲያውስ ሥሯ ጨለማ ነውና ግባና ክብሪት እየጫርክ በደንብ እይልኝ። ችግር ስለሌለባት ምንም አትሆንም።»

አያ ጅቦ ወረቀት ያምናል። ሳጥኑን ተቀብሎ፣ ያለ አንዳች ጥርጣሬ፣ መኪናዋ ሥር መግባት ጀመረ።

«ኧረ አትጫር!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ። ጠረጴዛውን ዘሎ ወደ በሩ እየሮጠ፣ «አንተ ደደብ፣ ቤንዚን እኮ እየፈሰሰ ነው! ያን ቀን በዓይኔ አይቼ አሸዋ ያስደፋሁበት እኔ ራሴ ነኝ! ሁላችንንም ልታቃጥለን ነው?» አለ።



አያ ጅቦ ከመኪናዋ ሥር ብቅ ብሎ ሳጥኑን ነቀነቀው። «ባዶ ነው እኮ!» አለ ግራ ተጋብቶ።

«ባዶ መሆኑን አውቃለሁ» አለች እመት አህያ። «እኔ እንደናንተ የሰው ነፍስ በእሳት አጠገብ አላስቀምጥም።»

ጩኸቱን ሰምቶ አያ አንበሳ ከፎቅ ወረደ። ተቆጣ፤ ግን ስለ እሷ እንዳይመስላችሁ። «ቤንዚኑ የሚፈሰው ልክ እኔ ከምቀመጥበት ሥር ነው?» ብሎ ጎፈሩን ያዘ። «አሁኑኑ ይጠገን!» አያ ጅቦ አፍንጫው በጨርቅ ታስሮ ሥሯ ገባ። ጠረኗ ሲቀርበት ዓይኑ ተገለጠና ወዲያው አገኘው፤ የጣት ያህል ርዝመት ያለው የላስቲክ ቱቦ ተሰንጥቋል። ከርከሮ ሻዩን ሳይጨርስ ቱቦው ተቀየረ። ያ ሁሉ መታጠብ፣ ያ ሁሉ ኀፍረት፣ ጣት ለምታህል ቱቦ!

ቀበሮ ግን ኀፍረት አያውቅም። ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ። «እዚህ ላይ ይፈርሙልን እመቤቴ። ‹በአገልግሎታችሁ ረክቻለሁ› የሚል ነው።»

«መጀመሪያ ቁልፉን እንካ» አለች እመት አህያ። «ገብተህ ገበያውን አንድ ጊዜ ዙርባትና ተመለስ።»

ቀበሮ ቁልፉን አየ። መኪናዋን አየ። አያ ጅቦን አየ። «ዛሬ እንኳ ወገቤን ያመኛል» አለ።

ያኔ ከርከሮ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ የራሱን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ዝንጀሮም አነሳ። አጋዘንም አነሳች። አያ አንበሳ ደንበኞቹ ሊሄዱበት መሆኑን ሲያይ፣ «ግባ!» ብሎ አገሳ።

ቀበሮ ገባ። ገበያውን ዞሮ ሲመለስ ከረባቱ በላብ ርሶ ነበር። እመት አህያ ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ መሬቱን በኮቴዋ ዳሰሰች። ደረቅ ነው። ወረቀቱን ሳትፈርም ሞተሩን አስነስታ ወጣች።

ቀበሮ እፎይ ብሎ ሊቀመጥ ሲል ከርከሮ ቁልፉን አፍንጫው ሥር ዘረጋለት። «የእኔ ፍሬን ተጠግኗል ብለህ ፈርመህልኛል አይደል? በል ግባና ቁልቁለቱን ውረድልኝ።» ከኋላው ዝንጀሮና አጋዘን ቁልፋቸውን ይዘው ተሰለፉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀበሮ ቀድሞ ሳይነዳው ከዚያ ግቢ የሚወጣ መኪና የለም፤ ጥገናውም እንዴት እንደተስተካከለ አትጠይቁኝ።

ከዚህ የምንማረው፣ «ችግር የለም» ብሎ የሚፈርምልን ማንም ቢሆን በፈረመበት ነገር ላይ ራሱ ካልተቀመጠ፣ ቃሉን አምነን የእሱን ጥፋት እንደ ራሳችን ነውር ቆጥረን አንገት መድፋት እንደሌለብን ነው።