የቀበሮ የሒሳብ ትምህርትና የአህያ ጀርባ

አንድ ጊዜ አንበሳ ለዱር አራዊት ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ ቀበሮን የሒሳብ መምህርት አደረጋት። ቀበሮም ራሷ ባዘጋጀችው መጽሐፍ ሦስት ዓመት ካስተማረች በኋላ፣ «መጽሐፌ ግሩም ነው፤ በየጫካው ሁሉ ይሰጥልኝ» ስትል አመለከተች። አንበሳ ትምህርቱን መርምሮ እንዲመጣ አያ ጅቦን ላከው። ምን ነክቶት ጅብን እንደላከ እኔም አልገባኝም።

ጅብ ከክፍሉ በር ሲደርስ የተጠበሰ የበግ ጎድን ሸተተው። ቀበሮ ወንበር ስባ አስቀመጠችውና ጎድኑን አቀረበችለት። ከዚያ ወደ ተማሪዎቿ ዞረች።

«ሠላሳ ስድስት ሲካፈል ለዐሥራ ሁለት?»

«ሦስት!» አሉ ባንድ ድምፅ። ጣሪያው ተናወጠ።

«ትምህርት ማለት ይኼ ነው! እንዴት ያለ ድምፅ ነው!» አለ ጅብ አጥንቱን እየጋጠ። መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን እሱም አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ቀበሮ፣ ተማሪዎቿና ወላጆቻቸው በተሰበሰቡበት አንበሳ መጽሐፉን ሊያጸድቅ ሲል እመት አህያ እየፈራች ወደ ፊት ወጣች። ልጇ የቀበሮ ተማሪ ናት።

«ጌታዬ፣ ልጄ ከሰኞ ጀምራ ከቆላ ጨው ታመጣለች። የሚጭኗት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። መንገዱ ገደል ነው፤ ጭነቱ ካጋደለ አለቀላት። እባክዎ፣ መጀመሪያ እኔን ጭነው ያሳዩን።»

አንበሳ ፈቀደ። ሠላሳ ስድስት ኪሎ የሚመዝን አንድ ትልቅ ጆንያና እያንዳንዳቸው ዐሥራ ሁለት ኪሎ የሚመዝኑ ብዙ ትናንሽ ጆንያዎች ቀረቡ። ክብደታቸው በላያቸው ተጽፏል። «ግራና ቀኙን እኩል አድርጋችሁ ጫኗት» ተባሉ።

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጦጣ እጇን አወጣችና፣ «ይኼ ጥያቄ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?» አለች።

በመጨረሻ ትልቁን ጆንያ በቀኝ፣ አንዱን ትንሽ በግራ አድርገው፣ «አንድ ባንድ፤ እኩል ነው» አሉ። እመት አህያ ጥቂት እንደተራመደች ጭነቱ አጋደለና በጎኗ ወደቀች። ልጇ እያለቀሰች አጠገቧ ተንበረከከች።

«አያ ጅቦ፣ አንተ የመረመርከው ምኑን ነው?» አለ አንበሳ።

«ድምፃቸውን፣ ጌታዬ… ጎድኑንም ትንሽ።»

ቀበሮ ቶሎ ብላ፣ «መጽሐፉ እንከን አይወጣለትም። የጎበጠው የአህያዋ ጀርባ ነው» አለች።

አንበሳም ወደ ቀበሮ ዞረ።

«እንግዲያው በመጽሐፍሽ ማስተማርሽን ቀጥይ። ሰኞ ግን በአቅምሽ ልክ ጨው የምታመጪው አንቺ ነሽ። የሚጭኑሽም ተማሪዎችሽ ናቸው።»

ቀበሮ የገደሉን መንገድ አየች። ከዚያ መጽሐፉን ዘጋች፣ ከተማሪዎቿ መካከል መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያልጠየቀችውንም በቀስታ ጠየቀች፦

«ልጆቼ፣ እስኪ እውነቱን ንገሩኝ፤ ያልገባችሁ ምኑ ነው?»

ከዚህ የምንማረው፣ ትምህርት የሚመዘነው ልጆች ባንድ ድምፅ በሚመልሱት ሳይሆን መጽሐፉ ተዘግቶ በሚሠሩት መሆኑን፣ አስተማሪም ተማሪው መረዳቱን መጠየቅ ያለበት ሸክሙ ወደ ገዛ ጀርባው ከመዞሩ በፊት መሆኑን ነው።