የእንዳላማው ሸራ

በጣና ዳር ለጉዞ ስለ መዘጋጀት ወሬ ሲነሳ፣ ሽማግሌዎች አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ። አባባሏን ያመጣት የእንዳላማው ሸራ ነው።

እንዳላማው ከሐይቁ ማዶ የዳራት አንዲት ልጅ ነበረችው። ወንድ ልጅ ተገላግላ፣ ሕፃኑ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሊነሳ ሆነ። አዲስ አያት ደስታው መቼም ልክ የለውም። ከክርስትናው በኋላ በሐይቁ ዳርቻ ያሉ ዘመዶቹን ሁሉ በየአገራቸው እየዞረ ሊጠይቅ አሰበ። ለዚህም ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል የታሰረ አዲስ ታንኳ፣ በላዩም እንደ ትልቅ ጀልባ ሸራ አማረው። ወር ሙሉ አቡጀዲ ሲያማርጥ፣ ሲያሰፋ፣ ጠርዙን በቀይ ክር ሲያስጠልፍ ከረመ። ታንኳው ትዝ ያለው ሳምንት ሲቀረው ነው።

ታንኳ ሠሪው አያ እንድሪስ ያዘዛቸውን ሠርተው አስረከቡት፤ ሥራቸውን ግን ራሳቸው አልወደዱትም።

«ደንገሉ ገና እርጥብ ነው» አሉት። «ታንኳ ቆሞ ፀሐይ ካልጠጣ፣ ኋላ ውሃ ይጠጣል። ይልቅ የእኔን አሮጌ ውሰድ።»

«አያ እንድሪስ፣ በዚያ ጥቁር ታንኳ እንዴት አማቾቼ ደጅ ልድረስ? ምን ይሉኛል?»

«ደረሰ ይሉሃላ!»

እንዳላማው አልሰማም። ሚስቱ የሺእመቤት ግን ሰምታለች።

«አንተ በሸራህ ሂድ» አለችው። «እኔ የልጁን የክርስትና ልብስ ይዤ ከአያ እንድሪስ ጋር እመጣለሁ።»

ቅር አለው፤ ቢሆንም በክርክር ሚስቱን ረትቶ ስለማያውቅ ተወው።

ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ መልካም ነበር። ሸራው ተወጥሮ ታንኳውን ያበረው ጀመር። እንዳላማው ዞር እያለ ለሚስቱ እጁን ያውለበልባል። አያ እንድሪስ ከኋላ ቀስ ብለው ይቀዝፋሉ።

ማዶ ያሉት አማቾች ሸራውን ከሩቅ አዩ። «የልጅቱ አባት መጣ!» ተባለና ሴቶቹ በእልልታ ወደ ዳር ወረዱ።

ይኸኔ ውሃው ከእንዳላማው እግር ደርሷል። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱን፣ ቀጥሎ ጉልበቱን ያዘው። ሸራውን እንዳያወርድ ገመዱ ረጥቦ ቋጠሮው ጠበቀበት። ደንገሉ እንደ ራሰ ቂጣ ላልቶ ምሰሶውን መያዝ አቃተውና ሸራው ከነቀይ ጥልፉ ሐይቁ ላይ ተኛ።

ከዳር ሆኖ ለሚያይ፣ ሸራው አሁን ነበረ፣ አሁን የለም። እልልታው ዋይታ ሆነ። አራሷ ጩኸቱን ሰማች። ልጇ ክርስትና ሳይነሳ አራስ ከቤት እንደማትወጣ እያወቀች፣ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ወደ ሐይቁ ሮጠች።

አያ እንድሪስ ግን ደርሰው እንዳላማውን ጎትተው አወጡት። አሮጌው ታንኳ ሦስቱንም ይዞ ዳር ሲደርስ፣ ልጅቱ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ታለቅስ ነበር። እንዳላማው በዕድሜው እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

«ግቢ ልጄ፣ ምች ይመታሻል» አላት። «ያስወጣሁሽ እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ።»

የልጅቱ አማት ግራ ገብቷቸው፣ «ነፋሱ እኮ ሸጋ ነበር፤ ምን ነካው?» ሲሉ ጠየቁ።

አያ እንድሪስ አሮጌ ታንኳቸውን ወደ ደረቁ መሬት እየሳቡ መለሱላቸው፦ «ነፋስ ያስኬዳል፣ ደንገል ያደርሳል።»