ሸጋዬ ካልተነሳች

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ ላም የለኝም። «የመኪና በረት» በሉኝ። አላችሁ? ጎሽ! እንግዲያው ጆሯችሁን ወዲህ በሉ።

ደሴ ውስጥ፣ ዳገቱ አናት ላይ፣ እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ጡረተኛ ነርስ ነበሩ። አንዲት ሰማያዊ አሮጌ መኪና ነበረቻቸው፤ ስሟን ሸጋዬ ብለዋታል። የሸጋዬ ዕድሜ አይጠየቅም፣ ነውር ነው። እትዬ ዘነቡ ያን ዕለት ጠዋት የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሸጋዬ እንድትነሳላቸው። ለምን ቢሉ፣ የጓደኛቸው ልጅ ሴት ልጅ ወልዳ፣ ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሞልቷት፣ ሦስት ሰዓት ላይ ክርስትና ልትነሳ ነው። የክርስትና እናቷ ደግሞ እሳቸው ናቸው! እትዬ ዘነቡ የስንቱን ልጅ ሲያዋልዱ ኖረው የራሳቸው ልጅ የላቸውም። «እማዬ» ያላቸው ሰው ኖሮ አያውቅም። ዛሬ ነው እናት የሚሆኑት። ደብሩ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ ታክሲ ወደዚያ አይሄድም፣ ሰማንያ ቀን ደግሞ ለነገ ይደር አይባልም። በአጭሩ፣ ሸጋዬ ካልተነሳች ልጅቷም አትነሳም።

አዲሱን ኮታቸውን ለብሰው ገቡና ሞተር ለማስነሳት ሞከሩ። «እኽ… እኽ… ጠቅ።» ከዚያ ጭጭ።

ጋራዥ ይውሰዷት እንዳትሉ። ባለ ጋራዦቹ ሸጋዬን ሲያዩ የሚያውቁት አንድ ቃል ነው፤ «ይቀየር!» ባትሪው ይቀየር፣ ዲናሞው ይቀየር፣ ቢቻል መኪናዋ ትቀየር። በጡረታ ምን ይቀየራል? መጠየቅ ግን በነፃ ነው። እትዬ ዘነቡ ኮፈኗን ከፈቱና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመሩ።

«ሸጋዬ እናቴ፣ ምነው ጉድ ሠራሽኝ?»

«እኔ ምን ላድርግ? ሞተሪኖው አላስነሳም ብሎኝ ነው!» አለች ሸጋዬ።

«አንተ ሞተሪኖ! ሥራህ ሞተር ማስነሳት አይደለም እንዴ? ምነው አላስነሳም አልክ?»

«በባዶ ሆዴ? ባትሪው አላበላም ብሎኝ ነው!»

እትዬ ዘነቡ ክላክሱን ጫን አደረጉት። ባትሪው እንደ ታመመች ድመት «ሚያ…» አለ። «አንተ ባትሪ! ባትሪው አላበላም፣ ሞተሪኖው አላስነሳም፣ ሸጋዬ አልነሳም፣ እኔ ክርስትናዬ ሊያመልጠኝ ነው! ምነው አላበላም አልክ?»

«እኔስ ምን በልቼ? ዲናሞው አላጎርስም አለኛ!»

«አንተ ዲናሞ! ዲናሞው አላጎርስም፣ ባትሪው አላበላም፣ ሞተሪኖው አላስነሳም፣ ሸጋዬ አልነሳም፣ ምነው?»

«እትዬ፣ ካልዞርኩ ከየት አምጥቼ ላጉርስ? ቺንጋው አላዞርም አለ!»

ቺንጋውን ያዩት እንደሆነ፣ ያ ዲናሞውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ላልቶ ተንዘላዝሏል። በጣታቸው ሲነኩት ተወዛወዘ። «አንተ ልፍስፍስ! ቺንጋው አላዞርም፣ ዲናሞው አላጎርስም፣ ባትሪው አላበላም፣ ሞተሪኖው አላስነሳም፣ ሸጋዬ አልነሳም፣ ምነው?»

«በእኔ አይፍረዱ! ቡሎኑ አልጠብቅም ብሎ ለቀቀኝ!»

ይኼኔ በአጥር ላይ አንገታቸውን ያወጡ ሰው ነበሩ። ጎረቤታቸው ጋሽ ሽብሩ ናቸው። የሰፈሩ ጠጋኝ ማለት እሳቸው ናቸው፤ ምንም ነገር ይበላሽ ብቻ፣ አዲስ ዕቃ ሳይገዙ በሽቦም በቆርቆሮም ያስነሱታል።

«ዘነብዬ፣ ገፍተን እናስነሳት?»

«ትናንት ገፍታችሁኝ የለ እንዴ? ገበያው ጋ ስደርስ ቀጥ! ቺንጋው ሳይወጠር መገፋት ትርፉ ድካም ነው ጋሼ። ቡሎኑ አልጠብቅም፣ ቺንጋው አላዞርም፣ ዲናሞው አላጎርስም፣ ባትሪው አላበላም፣ ሞተሪኖው አላስነሳም፣ ሸጋዬ አልነሳም ብለውኛል!»

«ታዲያ ይኼማ ምን ችግር አለው? አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ነው የሚፈታው። ቁልፉ ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ሳጥኑ ግን…» ጋሽ ሽብሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሳጥኑ ተቆልፏል። የሳጥኑ ቁልፍ ባለቤቴ ጋ ነው። አኩርፋኛለች።»

በሉ እንግዲህ እስትንፋሳችሁን ሰብሰብ አድርጉና አብራችሁኝ በሉ፤ ሳጥኑ አልከፈትም፣ ቁልፉ አልወጣም፣ ቡሎኑ አልጠብቅም፣ ቺንጋው አላዞርም፣ ዲናሞው አላጎርስም፣ ባትሪው አላበላም፣ ሞተሪኖው አላስነሳም፣ ሸጋዬ አልነሳም! ሰዓቱስ? ሁለት ሰዓት ከሩብ!

እትዬ ዘነቡ አጥሩን ዞረው እየሮጡ የጋሽ ሽብሩን ባለቤት ተጣሩ። «ማንያህልሻል! ኧረ ማንያህልሻል! ቁልፍ ፈልጌ ነው!»

«እኔም ቁልፍ እየፈለግኩ ነው!» አሉ እትዬ ማንያህልሻል ከውስጥ።

«የእኔ የሳጥን ነው!»

«የእኔ የካፖርት ነው!»

እትዬ ማንያህልሻል ካፖርታቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ከአራቱ ቁልፎች አንዱ የለም። «ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጋ ሥር ስርመሰመስ ከረምኩ! ከሽብሩ በቀር ማን ይወስደዋል? ቁልፌን ካልመለሰ የሳጥኑን ቁልፍ አልሰጥም። አልኩ፣ አልኩ ነው!» የሳጥኑ ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

አጥሩ ሥር የቆሙት ጋሽ ሽብሩ ሳል ሳል አላቸው። መሬት መሬቱን አዩ። «ያኔ… የሸጋዬን ቺንጋ ስወጥር… ቡሎኑ ሥር የምትገባዋ ክብ ብረት ቸገረችኝና…»

«እና?»

«ክብ ነገር ስፈልግ… ካፖርትሽ በሩ ላይ ተሰቅሎ…»

እትዬ ዘነቡ ተመልሰው ሮጡ፤ ባልና ሚስቱም ተከተሏቸው። ኮፈኑ ውስጥ ጎንበስ አሉ። ኧረ ጉድ በሉ! ቡሎኑ ሥር ቡናማ የካፖርት ቁልፍ ተቀምጧል፤ ግማሹ ተሰባብሯል። ለካስ በሽታው ይኼ ነው! የፕላስቲክ ቁልፍ ሲሰበር ቡሎኑ ላላ፣ ቡሎኑ ሲላላ ቺንጋው ላላ። ባትሪውም ዲናሞውም ምንም አልሆኑም። ይቀየር ሲባሉ የከረሙት በከንቱ ነው።

በሽታውስ ታወቀ፤ መድኃኒቱ ነው ጣጣው። የካፖርቱን ቁልፍ ከቡሎኑ ሥር ለማውጣት አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ያስፈልጋል። አሥራ ሦስት ቁጥሩን ለማውጣት የሳጥኑ ቁልፍ ያስፈልጋል። የሳጥኑን ቁልፍ ለማግኘት የካፖርቱ ቁልፍ ያስፈልጋል። ኧረ በቁልፍ ማበዳችን ነው!

ማንያህልሻል አልሰጥም፣ ሳጥኑ አልከፈትም፣ ቁልፉ አልወጣም፣ ቡሎኑ አልጠብቅም፣ ቺንጋው አላዞርም፣ ዲናሞው አላጎርስም፣ ባትሪው አላበላም፣ ሞተሪኖው አላስነሳም፣ ሸጋዬ አልነሳም! ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። እትዬ ዘነቡ ዓይናቸው በእንባ ተሞላ። ከዚያ ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ የአዲሱን ኮታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ያዙና ቀጭ! በጠሱት።

«እንኪ ማንያህልሻል። ቁልፍ በቁልፍ።»

«ውይ በሞትኩት! ለክርስትናው ብለሽ ያሰፋሽው ኮት አይደል እንዴ?»

«ኮቱ ቢከፈት ይከፈት! ልጄ ትነሳልኝ።»

እትዬ ማንያህልሻል «ልጄ» የምትለዋን ሲሰሙ ክሩን ከአንገታቸው አውልቀው ለባላቸው ወረወሩ። ከዚያ ከነጠላቸው ጫፍ መርፌ ቁልፍ ነቀሉና የእትዬ ዘነቡን ኮት በእጃቸው ቆለፉላቸው። «በይ እንግዲህ፣ ብርድ ይመታሻል» አሉ እየተቆጡ፣ እያለቀሱም።

አሁን ያዙኝ፣ አልቆምም! ማንያህልሻል ሰጡ፣ ሳጥኑ ተከፈተ፣ ቁልፉ ወጣ፣ ስባሪው ተጣለ፣ ከቆርቆሮ የተቆረጠች ክብ ብረት ገባች፣ ቡሎኑ ጠበቀ፣ ቺንጋው ተወጠረ! ጋሽ ሽብሩ ከኋላ፣ ማንያህልሻል ከጎን፣ መንገደኛው ሁሉ «ሆ!» ብሎ ገፋ። ሸጋዬ ቁልቁለቱን ተንደረደረች። እትዬ ዘነቡ ማርሽ አስገቡ፤ «እኽ… እኽ… ድርርርር!» ሸጋዬ ተነሳች፣ ቺንጋው አዞረ፣ ዲናሞው አጎረሰ፣ ባትሪው ጠገበ፣ ክላክሱ እስከ ደብሩ ድረስ እልል አለ! ሞተሪኖው ብቻ፣ ሥራውን ሰው ሠርቶበት፣ አፍሮ ዝም አለ።

ቄሱ «የክርስትና እናቷ የት አለች?» ብለው ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁ፣ በሩ ጋ «አለሁ! አለሁ!» ተባለ። እትዬ ዘነቡ ናቸው፤ ኮታቸው በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፣ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፉ በኪሳቸው ቀርቷል፣ እጃቸውን መታጠብ ረስተውታል። ሕፃኗን ተቀብለው ሲያቅፏት በነጩ ልብሷ ላይ አምስት የግሪስ ጣት ታተመባት።

ያ ልብስ ዛሬም አለ። ስንት ጊዜ ታጥቦ አልለቀቀም፤ እኔም ይልቀቅ አላልኩም። ሸጋዬም ተነሳች፣ እኔም ተነሳሁ። አፌን ስፈታም መጀመሪያ «እማዬ» ያልኳቸው እትዬ ዘነቡን ነው፤ ወላጅ እናቴ እስከ ዛሬ ትቀናለች።

ተረቴን መልሱ። ከእማዬ ኪስ የወሰድኩትን የጋሽ ሽብሩን አሥራ ሦስት ቁጥር ግን እኔ ነኝ ያልመለስኩት።