የእትዬ ድንች ጠያቂዎች

የተከበረውን የበሽተኛ ጥየቃ ሥርዓታችንን የሚነካ ተረት ስለማወራ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አትክልት አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ዘመን፣ በአንድ ዝናባማ ክረምት የእትዬ ድንች ቅጠል ታሞ ጠቆረ። ዘመዷ ቲማቲም ልትጠይቃት ጎንበስ አለች።

«ኧረ አትጠጊኝ፣ ይጋባብሻል!» አለች ድንች።

«ምነው እትዬ! ዘመድ ከሩቅ ይጠየቃል? ሰው ምን ይለኛል?» ብላ በእርጥብ ቅጠሏ አገላብጣ ሳመቻት።

አያ ሽንኩርት ግን ከመደቡ ሳይነቃነቅ «እግዜር ይማርሽ!» ብሎ ጮኸ። ጓሮው ሁሉ «ይሉኝታ ቢስ!» አለው።

በሳምንቱ ቲማቲም ጠቆረች። ታናሽ እህቷ አንገቷን አስግጋ ስትመጣ፣ «እዚያው ሁኚ! እንደ አያ ሽንኩርት ጩኺልኝ!» አለቻት።

«እንዴ እትዬ! ሰው ምን ይለኛል?» አለችና ሳመቻት።

መስከረም ላይ ተርፎ ለቅሶ የተቀመጠው አያ ሽንኩርት ብቻ ነበር። ለማስለቀስ ደግሞ ማን እንደሱ!

አደራ፣ ተረቴን አትመልሱ፣ ለሌላም አታውሱ። ሰው ምን ይለኛል?